ፍጥነትን ለሜዳ፣ ትዕግሥትን ለመንገድ!

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፍቅር ነው። ታዲያ «ማንን ነው ያፈቀርከው?» ብላችሁ ጆሯችሁን እንዳታቆሙ! ያፈቀርኳት ባለአራት ጎማ ናት። በእሷ ፍቅር አባቴን አሳዝኛለሁ፣ የአንድ ልጅ እግር ሰብሬያለሁ። ዛሬም ቢሆን ፍቅሬ አልለቀቀኝም። የተለወጠው ነገር ቢኖር ፍቅሬን የት ማሳየት እንዳለብኝ ማወቄ ነው። የምጽፈውም ለዚሁ ነው፤ እንደ እኔ እግሩ ነዳጅ መስጫ ላይ የሚያሳክከው ወጣት ሐዋሳ ውስጥ ብቻውን እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ 31 ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከጅቡቲ እስከ ሞያሌ ያልረገጡት መንገድ የለም። ጡረታ ሲወጡ ባጠራቀሟት ገንዘብ አንዲት ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ገዙ። ዲኤክስን የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም መቼም፤ ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል፣ ጉልበቷ ግን አልከዳትም። እኔም መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በሳምንቱ «አባዬ፣ ቁልፏን...» ማለት ጀመርኩ። እሳቸውም «ቀስ በል» እያሉ ይሰጡኛል። እኔ ደግሞ ቁልፏን እንጂ ምክሩን አልቀበልም።

ሐዋሳ ለእንዲህ ዓይነቱ አመል የምትመች ከተማ ናት። ታቦርና አላሙራ ዳር ቆመው ያዩዋታል እንጂ ውስጧ ሜዳ ነው፤ ጎዳናዋም ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በጥቁር ውሃ በኩል ባለው አስፋልት ላይ ጎን ለጎን እንቆምና «አንድ... ሁለት... ሦስት!» እንላለን። ውርርዱ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ መጋበዝ ነው። ተሸናፊ ይከፍላል። እኔ ብዙ ጊዜ በልቼ እንጂ ከፍዬ አላውቅም። ታዲያ ደረቴን ነፍቼ «ነጂ ማለት እኔ ነኝ!» ባይ ሆንኩላችሁ።

አንድ ምሽት ግን...

ሰማንያ ላይ ነበርኩ። ከውስጥ መንገድ አንድ ብስክሌት ብቅ አለ። ሐዋሳ የብስክሌት አገር መሆኗን ታውቃላችሁ። ብስክሌቱ መብራት የለውም። የነዳው የ13 ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱ መድኃኒት ልካው እየተመለሰ ነበር። ፍሬን ረገጥኩ፣ መሪ ጠመዘዝኩ። ልጁን ራሱን አልገጨሁትም፤ የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ነው ያገኘሁት። ልጁ ግን ተወርውሮ ወደቀ። የሰማሁት ጩኸት የሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የራሴ ነው።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ ሦስት ወር በጀሶ ታሰረ። ትራፊክ መጣ፣ ክስ መጣ፣ መንጃ ፈቃዴ ታገደ፣ ሽማግሌ ተላከ። የሕክምናውን ወጪ አባቴ ለክፉ ቀን ካስቀመጡት ከፈሉ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡኝም፤ እሱ ነው የጎዳኝ። ቁልፏን ኪሳቸው ከተቱና «እኔ 31 ዓመት ሙሉ ሰው ሳልነካ የገባሁት መኪናዬ መሮጥ አቅቷት አይደለም» ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ። ከዚያች ቀን በኋላ ስለ መኪና አንስተው አያውቁም።

እኔም እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች ሒሳብ ስሠራ ከረምኩ። እናንተም ሥሩት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ደንግጦ፣ እግር ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ፍሬን ሳልይዝ 22 ሜትር ሄጃለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 35 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። በ40 ብነዳ ኖሮ ሁለቱም ተደምሮ 20 ሜትር ገደማ ነበር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ሽማግሌ ቢላክበትም አይታረቅም። ልጁ ከኔ 45 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። በ40 ብሄድ ኖሮ ቆሜ፣ መስኮት ከፍቼ «አንተ ልጅ፣ መብራት አስገጥም!» ብዬው እሄድ ነበር።

አንድ ዓመት መሪ ሳልይዝ ኖርኩ። መንጃ ፈቃዴ ሲመለስልኝም አባቴ ቁልፏን አላወጡም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በዚህ መሐል ነው ከአንድ ጋራዥ ባለቤት ጋር የተወዳጀሁት። ጋሼ ነው የምላቸው። ወጣት ሳሉ ናይሮቢ ለዓመታት በመካኒክነት ሠርተዋል። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ታሪኬን አወጋኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «በሽታህን አውቄዋለሁ። መድኃኒቱ ቀስ ማለት ብቻ አይደለም። ፍጥነት የወደደ ሰው ፍጥነቱን የሚያወጣበት ቦታ ካላገኘ አንድ ቀን ያመልጠዋል። ኬንያ ልጆቹን ሜዳ ትሰጣቸዋለች፤ ኦቶክሮስ ይሉታል» አሉኝ።

የኬንያን ሳፋሪ ራሊ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በእ.ኤ.አ. 1953 የተጀመረ ነው። ጆጊንደር ሲንግ የሚባል የጋራዥ ልጅ በ1965፣ በ1974 እና በ1976 አሸንፎበታል፤ ሼክሃር ሜህታ ደግሞ አምስት ጊዜ። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ቆይቶ በ2021 ሲመለስ ዋናው ሠፈሩ ናይቫሻ ሆነ። ናይቫሻ ማለት እንደ እኛዋ ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት! በእኛም አገር በንጉሡ ዘመን የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ነበር። ነገር ግን ራሊ የብዙ ገንዘብ ነገር ነው። ጋሼ እንዳሉኝ የደሃ ልጅ የሚገባበት በር ኦቶክሮስ ነው።

ኦቶክሮስ እንደየአገሩ ይለያያል። ኬንያ ውስጥ በተዘጋ የአፈር መንገድ ላይ ይዞሩበታል፤ እንግሊዝ ውስጥ በሣር ሜዳ ላይ ይሮጡበታል። እኔን የማረከኝ ግን የአሜሪካኖቹ ነው። አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ትራፊኮች መንገድ የሚዘጉባቸውን ኮኖች ይደረድሩና ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራሉ። በኮኖቹ መሐል አንድ መኪና ብቻ፣ ለብቻው ይሮጣል። ጎን ለጎን መሽቀዳደም ብሎ ነገር የለም፤ ተጋጣሚህ ሰዓት ነው። አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ኮን የጣለ በእያንዳንዱ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። መንገድ የሳተ ዙሩ ይሰረዝበታል። ሦስት አራት ጊዜ ትሮጣለህ፣ ከሁሉ ያጠረችው ሰዓትህ ትያዝልሃለች። በዚህ ዓይነት ውድድር እዚያ አገር ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ብሔራዊ ሻምፒዮና ይደረግበታል። የሚሮጠውም ብዙው ሰው በማግስቱ ሥራ የሚሄድባትን የቤት መኪናውን ይዞ ነው።

«ታዲያ እኛ ምን ይዞን?» አልኩ። ጋሼም «ሰነፍነት!» አሉ።

እንግዲህ አጀማመራችንን ስሙኝ። መጀመሪያ ያደረግነው ወደ ሜዳ መሮጥ አልነበረም፤ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ አጥር ያለው፣ መሬቱ ጠጠርና አሸዋ የሆነ ቦታ ያላቸው አንድ ግለሰብ ፈቀዱልን። ቀበሌ አሳወቅን፣ ትራፊክ ፖሊስም አሳወቅን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። «አይ፣ ሳናስፈቅድ ብንጀምር ምን አለበት?» ያለ ነበር። ጋሼ ግን «ተደብቀህ ከሮጥክ ከአስፋልቱ በምን ተለየህ?» ብለው አፉን ዘጉት።

ለኮን የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም። ባለአምስት ሊትር ባዶ የዘይት ጀሪካን ከየጎረቤቱ ለቀምን። የሐይቁ ነፋስ እንዳይወስዳቸው እፍኝ እፍኝ አሸዋ ጨመርንባቸው። ከዚያ በላይ አልሞላንም፤ ጀሪካን ቢገጩት መውደቅ አለበት እንጂ መኪና መስበር የለበትም። የቆሙበትን ቦታ እንደ ኳስ ሜዳ መስመር በኖራ ከበብነው፤ የወደቀው ወይም ከኖራው ክብ ፈጽሞ የወጣው ይቆጠራል። ሰዓት መያዣችን ስልክ ነው። ተመልካች ከገመድ ወዲያ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ይቆማል። የእሳት ማጥፊያ አለ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን አለ፣ በየጥጉ ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰው አለ። ቀይ ጨርቅ ከተውለበለበ ወዲያው መቆም ነው። ማንም ቢሆን ሮጦ አይሄድም፤ ተራው ሲያልቅ ጨርቅ ይይዛል፣ የወደቀ ጀሪካን ያነሳል።

የመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ስድስት መኪና ሆነን ተገኘን። ጋሼ መካኒክ አይደሉ? አንድ በአንድ ፈተሹን። የጎማ ብሎን ጠብቋል? ባትሪው ታስሯል? ዘይት ያንጠባጥባል? ፍሬኑ ሲረገጥ ጠንካራ ነው ወይስ ይሰምጣል? ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ቶሎ ይመለሳል? ከመቀመጫ ሥር የውኃ ጠርሙስ፣ ክሪክ፣ ጃንጥላ... የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይውጣ! አንድ ጠርሙስ ፍሬን መርገጫ ሥር ከገባ ያንተ ችሎታ ምን ይሠራል? ቀበቶና ሄልሜት ያላደረገ መነሻው ጋ አይቀርብም። ከስድስታችን አንዱ፣ ብሎኑ ላልቶ የተገኘው፣ ያን ቀን ጨርቅ ያዥ ሆኖ ዋለ።

እኔ መኪና የለኝምና ጋሼ አሮጌዋን ቮልስዋገናቸውን ሰጡኝ። መሪ ስይዝ እጄ ተንቀጠቀጠ። «ሂድ!» ሲባል ግን የድሮው አመሌ መጣ፤ ረገጥኩት! የመጀመሪያውን ጥምዝ በጩኸት ገባሁበት። ደነገጥኩና ነዳጁን ድንገት ለቀቅኩት። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ አይደል? ጅራቷ ቀደመኝ፤ ዞራ ዞራ ፊቷን ወደ መጣሁበት አድርጋ በአቧራ መሐል ቆመች። አራት ጀሪካን ጥያለሁ። ሰዓቴ 63 ሰከንድ፣ ስምንት ሲጨመርበት 71።

ከኔ ቀጥላ የሮጠችው አንዲት ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት። ቪትዝ ነው የያዘችው፤ ያውም አውቶማቲክ። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፣ አልዋሽም። ልጅቷ ስትነዳ ሲያዩዋት ለገበያ የምትሄድ ነው የምትመስለው። ጩኸት የለም፣ አቧራ የለም። 52 ሰከንድ! አንድም ጀሪካን አልተነካም። ሳቁ ወዲያው ቆመ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት አፍሬ።

«እናንተ ቡና ስትጠጡ እኔ መንገዱን ሦስት ጊዜ በእግሬ ዞርኩት» አለችኝ። «ደግሞ አንተ የምታየው አጠገብህ ያለውን ጀሪካን ነው፤ እኔ የማየው ከሱ ቀጥሎ ያለውን ነው።»

ይህችን አንድ አረፍተ ነገር ያዙልኝ። እጅ ዓይንን ይከተላል። የምትፈራውን ጀሪካን ካየህ ጀሪካኑን ትገጨዋለህ፤ መውጫውን ካየህ ትወጣለህ። ከዚያ ወዲያ የተማርኩትንም ላካፍላችሁ። አቀማመጥህን አስተካክል፤ ጀርባህ ከወንበሩ ሳይላቀቅ የእጅህ አንጓ የመሪውን ጫፍ መንካት አለበት። ፍሬንህን መሪ ሳታዞር፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ጨርስ። ጥምዙን በዝግታ ገብተህ በፍጥነት ውጣ እንጂ በተቃራኒው አይሁን። ለመታጠፍ አትቸኩል፤ ቀድሞ የታጠፈ ሲወጣ መንገድ ያጥርበታል። ማርሽ በመቀያየር አትጨነቅ፤ ከተነሳህ በኋላ ሁለተኛ ማርሽ አብዛኛውን መንገድ ይወስድሃል። መሪና ፍሬን በድንገት አይወዱም፤ ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው፣ ሁሉንም ለፍሬን ከሰጠኸው ለመታጠፊያ የሚተርፈው የለም።

«የትኛው መኪና ይሻላል?» ለምትሉኝ፣ ያላችሁ መኪና ይሻላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከመሐላችን አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይዞ ይመጣል። ሲነሳ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነው፤ ጥምዝ ላይ ሲደርስ ግን የባትሪው ክብደት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ዲኤክስም፣ ቪትዝም፣ ኤሌክትሪኩም የየራሳቸው አመል አላቸው። ጨዋታው የመኪናህን አመል ማወቅ ነው። መጀመሪያ ገንዘባችሁን ለፍሬን ሸራና ለጎማ አውጡ፤ ለጭስ ማውጫ ማስጮኺያ አይደለም። የመድን ውላችሁንም አንብቡ፤ መድን ሰጪዎች ውድድር ላይ ለሚደርስ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍሉም።

እኔም እሑድ እሑድ እየሄድኩ 71 የነበረውን 58፣ ከዚያም 54 አደረስኩት። አንድ ነገር ግን ያሳክከኝ ነበር። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። «የት ትውላለህ?» ሲሉኝ «ጋራዥ» እላለሁ። ሙሉ ውሸት አይደለም፤ ግማሽ ውሸት ነው። ግማሽ ውሸት ደግሞ ሐዋሳ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው።

በአራተኛው እሑድ ዙሬን ጨርሼ ስወርድ ገመዱ ጋ አንድ ባጃጅ ቆሟል። አጠገቡ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ጉልበቴ ከዳኝ። ሄልሜቴን አውልቄ ሄድኩ። ወደ ሜዳው እያዩ ብዙ ዝም አሉ።

«እዚህ ማንን ነው የምትቀድመው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ሰዓትን ነው፣ አባዬ።»

«ሌላ መኪና አይገባም?»

«አንድ በአንድ ነው።»

የወደቁትን ጀሪካኖች የሚያነሳውን ልጅ አዩት፣ ቀይ ጨርቅ ያዦቹን አዩ፣ ገመዱን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። ከዚያም «ደህና። ሰዓት ቢገጩት አይሞትም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ጋሼ ወንበር አመጡላቸው፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩ። ሲሄዱ የቪትዟን ልጅ ጠርተው «አንቺ ልጅ፣ ነጂ ነሽ» አሏት። እኔን ግን ምንም አላሉኝም።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የዲኤክሷ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ዳቦ ገዝተህ ና» አሉኝ። ዳቦ ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው! ግን ገብቶኛል። በ20 ሄጄ በ20 ተመለስኩ። እንዲህ ዓይነት ዋንጫ በየትኛውም ሜዳ ተሸልሜ አላውቅም።

ታሪኬ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ባማረ! ግን አንድ የቀረ አለ። ያ ልጅ ድኗል፤ ትምህርቱንም ቀጥሏል። ሲሮጥ ብቻ አንድ እግሩ ትንሽ ይጎተታል። በየበዓሉ ቤታቸው ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ስለ ሜዳችን ስነግረው ዓይኑ በራ፤ «እኔ ሰዓት ልያዝላችሁ?» አለኝ። እናቱን አየኋቸው። ቡናውን እየቀዱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። መኪና በሚሮጥበት ቦታ ግን ልጄን አላቆምም» አሉኝ። ገመድ አለ፣ ጨርቅ አለ፣ ራቅ ይላል ብዬ ልከራከር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ምን መብት አለኝ? ሜዳው አዲስ ጥፋት እንዳላጠፋ ይጠብቀኛል እንጂ ያጠፋሁትን አያጠፋልኝም።

እናም እናንተ የኔ ቢጤዎች፣ እግራችሁን እያሳከከው ከሆነ ሜዳ ፈልጉ። አምስት ስድስት ሆናችሁ ተሰባሰቡ፤ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ከላያችሁ ይኑር፤ አስፈቅዱ፤ ጀሪካን ልቀሙ። ሜዳ እስክታገኙ ድረስ ግን አስፋልቱን ተዉት። እኔ ዛሬም በጥቁር ውሃ በኩል ሳልፍ ያቺ መገንጠያ ጋ ስደርስ 30 ላይ ነኝ። ከኋላዬ ያለው ክላክስ ያደርግልኛል፣ አንዳንዱም «ሂድ እንጂ፣ ነጂ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ይሳደባል። ይሳደብ። እሑድ ሜዳው ላይ እንገናኛለን።

ቸር ሰንብቱ!